የጋሽ ታደለ ወገብ

አዳማ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ። ጋሽ ታደለ ዕድሜያቸውን በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰሞኑን ሳሎን መሐል ፍራሽ አስነጥፈው፣ ወገባቸውን በመቀነት ጥፍር አድርገው አስረው ተኝተዋል። ሰናይት የእህታቸው ልጅ ናት፤ ሥራዋ ፊዚዮቴራፒ ነው። ናሆም የመጨረሻ ልጃቸው ሲሆን ከጂም የሚቀርበት ቀን የለም።

ሰናይት፦ እንዴት አደሩ ጋሼ? ኧረ አይነሱ፣ ይተውት።

ጋሽ ታደለ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ልነሳ ብልስ መች እነሳና! ወገቤ ተቆርጧል የኔ ልጅ።

ሰናይት፦ እንዴት ሆኖ ነው የጀመረዎት?

ጋሽ ታደለ፦ ከገላፊ ተነስቼ ሚሌ እስክገባ ከጋቢና አልወረድኩም። እዚያ ስቆም ረዳቱ "የተሳቢው ጎማ ተንፍሷል" አለኝ። የአፋርን ሙቀት ታውቂዋለሽ፤ ቶሎ ጨርሰን እንሂድ ብዬ ዘልዬ ወረድኩ። ክሪኩን አስገብቼ፣ ቡሎኑን ፈትቼ፣ ጎማውን ላነሳ ጎንበስ ስል ወገቤ ቋ አለ። ቤቴ ያደረሰኝ ሌላ ሹፌር ነው።

ሰናይት፦ መጀመሪያ አንዳንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ነውር ነው አይበሉኝ። ሽንትዎ እንደ ድሮው ነው? የሚያመልጥዎ ወይም አልወጣ የሚልዎ ነገር የለም?

ጋሽ ታደለ፦ የለም፣ የለም። እሱ ደህና ነው።

ሰናይት፦ በሁለቱ ጭኖችዎ መካከል፣ በቅሎ ላይ ሲቀመጡ ኮርቻው የሚነካው ቦታ አልደነዘዘም? እግርዎ አልሰነፈም? ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳትስ? የቆየ ሳል?

ጋሽ ታደለ፦ ይህም ሁሉ የለብኝም። አንቺ ልጅ፣ ሳል ከወገብ ጋር ምን አገናኘው?

ሰናይት፦ ቲቢ ሳንባ ላይ ብቻ አይቀርም፤ አከርካሪ ውስጥም ይገባል። እኛ አገር የጀርባ ሕመም ሲመረመር ቲቢን መርሳት አይቻልም። ሽንት እምቢ ካለ ወይም ያ ቦታ ከደነዘዘ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ነው። እርስዎ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነዎት። ስለዚህ አሁን ተረጋግተን እንነጋገር። ማን ነው ይህን መቀነት ያሰረው?

ጋሽ ታደለ፦ ወጌሻው። በቅቤ አሽቶኝ "ጅማቱ ዞሯል፣ አትንቀሳቀስ" ብሎኝ ሄደ። እኔም ይኸው ቃሉን አክብሬ ሳምንት ሊሞላኝ ነው።

ሰናይት፦ ማሸቱን አልጠላም፤ ያሞቃል፣ ያፍታታል። ጉልበቱን ወገብዎ ላይ አሳርፎ ሊያጣምምዎ ከመጣ ግን በጄ አይበሉት። "አትንቀሳቀስ" ያለው ነው የከፋው። ይህ እኮ የወጌሻው ጥፋት ብቻ አይደለም። ሐኪሞችም ለረጅም ዘመን ወገቡን የታመመ ሰው ሁሉ ተኛ ሲሉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 ሪቻርድ ዴዮ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ 203 ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ፤ ገሚሱ 2 ቀን፣ ገሚሱ 7 ቀን እንዲተኛ ታዘዘ። ሁለት ቀን የታዘዙት ከሥራ የቀሩበት ቀን በ45 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በሕመሙም በሌላውም ሳምንት የተኙት አንዳች ብልጫ አላገኙም። ዛሬማ ሁለቱንም ቀን አናዝም፤ በቻሉት መጠን ተነስተው ይንቀሳቀሱ ነው የምንለው።

ጋሽ ታደለ፦ እያመመኝ?

ሰናይት፦ እያመመዎት። ከፍራሹ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ግቢው። ለምን እንደሆነ ላሳይዎ። ናሆም፣ ቲሸርትህን አውልቅና ጀርባህን ስጠን። እስክሪብቶ አቀብለኝ።

ናሆም፦ በደስታ! እይው እስቲ ላቴን። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነው።

ሰናይት፦ እሱጋ እንደርሳለን። ጋሼ፣ ከላይ እንጀምር። ይህ ትራፒዚየስ ነው። ከራስ ቅል ሥር ይነሳል፣ በማጅራት ይወርዳል፣ ወደ ግራና ቀኝ ጫንቃ ይዘረጋል፣ ከዚያ እየጠበበ እስከ 12ኛው የደረት አከርካሪ ድረስ ይወርዳል። አንድ ጡንቻ ቢሆንም ሥራው ሦስት ነው። የላይኛው ክፍል ትከሻን ያነሳል፤ መሪ ጨብጠው ሲጨነቁ የሚጠጥርብዎ እሱ ነው። መካከለኛው የትከሻውን ጠፍጣፋ አጥንት ወደ አከርካሪ ይስባል። የታችኛው ቁልቁል ይጎትተዋል፤ ብዙ ሰው ላይ የሚደክመው ይህኛው ነው።

ናሆም፦ አሁን ላት!

ሰናይት፦ እሺ፣ ላቲሲመስ ዶርሲ። በስፋት የሚደርስበት ጡንቻ የለም። ከታችኛው የደረት አከርካሪ፣ ከወገብና ከዳሌ አጥንት ጫፍ ተነስቶ በብብት ሥር ይጠመዘዝና የክንድ አጥንት ላይ ፊት ለፊት በኩል ይታሰራል። ክንድን ወደ ታች፣ ወደ ኋላና ወደ ውስጥ ይስባል። ናሆም ፑል አፕ ሲሠራ ሰውነቱን የሚያወጣለት ይህ ነው። እርስዎም ሸራ ሲያስሩ ገመዱን ቁልቁል የሚጎትቱት በዚሁ ነው።

ጋሽ ታደለ፦ ታዲያ ይህ የክንድ ጡንቻ ነው እንጂ የጀርባ አይደለማ።

ሰናይት፦ አበጁ! ተማሪዎች እዚህ ለመድረስ ስንት ጊዜ ይፈጅባቸዋል። ትራፒዚየስም፣ ላቲሲመስም፣ ከሥራቸው ያሉትም ጀርባ ላይ ይቀመጡ እንጂ የሚያገለግሉት ክንድንና ትከሻን ነው። ቲሸርት ወጥሮ የሚታየው ሁሉ ከዚህ ወገን ነው። ወገብዎን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ገና አልመጣም።

ናሆም፦ ሰኒ፣ ሞራሌን ነካሽው።

ሰናይት፦ ቆይ ገና ነው። ከትራፒዚየስ ሥር፣ በሁለቱ የትከሻ አጥንቶችና በአከርካሪው መካከል ሮምቦይድ አለ። ጋሼ፣ ይህን እርስዎ በልተውታል።

ጋሽ ታደለ፦ ምኑን?

ሰናይት፦ ሻኛውን ነዋ። የበሬ ሻኛ በአብዛኛው ሮምቦይድ ጡንቻና ስብ ነው። እኛ ላይ ስስና ጠፍጣፋ ሆኖ ቀረ፤ በሬው ላይ ተቆለለ።

ጋሽ ታደለ፦ ይገርማል! ቁርጥ ቤት ስንት ዘመን ስቀመጥ ይህን የነገረኝ የለም። ሽንጡስ?

ሰናይት፦ ሽንጥ ሲቆረጥ አከርካሪውን ተከትሎ የሚወጣው ረጅም ሥጋ አለ አይደል? ሎንጊሲመስ ይባላል፤ እርስዎም አለዎት። አሁን ወደ ጀርባ እውነተኛ ጡንቻዎች ገባን። ናሆም፣ ቀጥ ብለህ ቁም። ጋሼ፣ መሐል ላይ ጎድጎድ ያለውን መስመርና ግራ ቀኙ ያሉትን ሁለት ጉብታዎች ያዩታል? ኤሬክተር ስፓይኔ የሚባለው ነው። በእያንዳንዱ ጎን ሦስት ሦስት ረድፍ ነው፤ ሎንጊሲመስ መካከለኛው ነው። ከዳሌ ተነስቶ እስከ ራስ ቅል ይደርሳል።

ጋሽ ታደለ፦ ይኼ እንግዲህ ቀና የሚያደርገኝ ነው።

ሰናይት፦ ቀና ማድረጉን ሁሉም ይገምታል። ጎንበስ ሲሉስ ማን የሚሠራ ይመስልዎታል?

ናሆም፦ ሆድ ነዋ።

ሰናይት፦ ጎንበስ ለማለት የምድር ስበት ይበቃል። የጀርባ ጡንቻ ሥራው ያንን ውድቀት ቀስ አድርጎ ማውረድ ነው፤ እየተለጠጠ እየያዘ። ጋሼ፣ እጅዎን እዚህ ጉብታው ላይ ያድርጉልኝ። ናሆም፣ ጉልበትህን ሳታጥፍ ቀስ እያልክ ጎንበስ በል። እስከ መጨረሻው።

ጋሽ ታደለ፦ ጠነከረ። ጠነከረ። አሁንም ድንጋይ ነው። ውይ! የት ሄደ? ለሰለሰ እኮ!

ሰናይት፦ አዩት? መጨረሻው ላይ ሲደርስ ጡንቻው ዝም ይላል። ሰውየው ግን አልወደቀም። ታዲያ ምን ያዘው?

ጋሽ ታደለ፦ ጅማቱ?

ሰናይት፦ ጅማቱና ዲስኩ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ፍሎይድና ሲልቨር የተባሉ ተመራማሪዎች የጡንቻን ኤሌክትሪክ በመለካት ይህን መዝግበውታል። አሁን ወደ ጋቢናዎ እንመለስ። ከገላፊ እስከ ሚሌ እንዴት ተቀምጠው ነበር?

ጋሽ ታደለ፦ እንዴት ይቀመጣል? ወንበሩ ጎድጉዷል፤ ጎበጥ ብዬ መሪው ላይ ደገፍ ብዬ ነዋ።

ሰናይት፦ በቃ፣ የናሆምን መጨረሻ በመጠኑ ለሰዓታት ያዙት ማለት ነው። ጡንቻው ሥራውን ለጅማት ትቶ ተቀምጧል፤ መኪናው ደግሞ ከሥር ያንቀጠቅጣል። ጅማት ለረጅም ጊዜ ሲወጠር ቀስ እያለ ይለጠጣል፤ ሲለቁትም ወዲያው ወደ ልኩ አይመለስም። ካናዳ፣ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ስቱዋርት ማክጊል የሚባል የአከርካሪ ተመራማሪ ሰዎችን ለ20 ደቂቃ አጎንብሶ አስቀምጦ ለክቷል። ከተነሱ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ወገባቸው ሙሉ በሙሉ ወደ ቀድሞው ጥንካሬው አልተመለሰም። እርስዎ ደግሞ በዚያች ደቂቃ ዘለው ወርደው ጎማ አነሱ።

ጋሽ ታደለ፦ ጎማው ነው የጎዳኝ ብዬ ስራገም ነበር፤ ለካ ወንበሩ ነው!

ሰናይት፦ አንዱን ነጥሎ መክሰስ ይከብዳል። ያንኑ ጎማ ጠዋት ሰውነትዎ ሞቆ ቢያነሱት ምናልባት ምንም አይሆኑም ነበር።

ናሆም፦ ቆይ ሰኒ፣ ኤምአርአይ አይነሳም እንዴ? ሰፈር ውስጥ ወገቡን ያመመው ሁሉ "ዲስክ ነው" ተባለ። ዲስኩ ተንሸራቶ ቢሆንስ?

ሰናይት፦ ዲስክ አይንሸራተትም። ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ጋር አጥብቆ የተያያዘ ነው። ሊያብጥ ይችላል፣ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ውስጡ ያለው ለስላሳ ነገር ወጥቶ ነርቭ ሊነካም ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያም በወራት ውስጥ በራሱ እየሟሸሸ ይሄዳል። ኤምአርአይ ያየውን ሁሉ ይናገራል፤ ችግሩ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ምንም ሕመም የሌለባቸው ሰዎች ምስሎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ በ20 ዓመታቸው ካሉት 37 በመቶው፣ በ80 ዓመታቸው ካሉት ደግሞ 96 በመቶው ያረጀ ዲስክ ነበራቸው። የማያማቸው ሰዎች እኮ ናቸው! አባትህ እግሩ አልሰነፈም፣ አልደነዘዘም፣ ሌላ አስጊ ምልክት የለበትም። አሁን ምስል ቢነሳ አንድ ነገር መገኘቱ አይቀርም፤ ወረቀቱን ይዞ ዕድሜ ልኩን "ዲስክ አለብኝ" እያለ ጎማ መንካት ይፈራል።

ጋሽ ታደለ፦ በደንብ አድርጌ እንጂ! አሁንም እየፈራሁ ነው።

ሰናይት፦ ፍርሃቱም ጡንቻ ያደርቃል። ወደ መጨረሻው ጡንቻ ልውሰድዎት፤ እኔ ከሁሉ የምወደው ነው። መልቲፊደስ ይባላል። ከኤሬክተሩ ሥር፣ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ ተኝቷል። እያንዳንዱ ዘለላ ከአንዱ አከርካሪ ተነስቶ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት አከርካሪ ዘሎ ይታሰራል። ወፍራሙ ክፍሉ እዚህ ታች፣ ወገብና ዳሌ የሚገናኙበት ላይ ነው። ከሱም አጠገብ ጣት የማይሞሉ ጥቃቅን ጡንቻዎች አሉ፤ ጉልበት የላቸውም፣ ግን አከርካሪው የት እንዳለና ምን ያህል እንደዞረ ለአንጎል የሚነግሩ ብዙ ስሜት ተቀባዮች አሏቸው።

ናሆም፦ ይህን በየትኛው ማሽን ነው የሚሠሩት?

ሰናይት፦ መስታወት ፊት አይታይማ፤ ማሽን አልተሠራለትም። ስማኝ፣ ጡንቻው ሁሉ የተገፈፈ የወገብ አከርካሪ በላብራቶሪ ቆሞ ከላይ ሲጫን፣ ወደ 9 ኪሎ ሲጠጋ ይተጣጠፋል። ዘጠኝ ኪሎ! የአባትህ ከወገብ በላይ ያለው ሰውነቱ ብቻ የዚያን አራት እጥፍ ይመዝናል። አከርካሪ የድንኳን ምሰሶ ነው፤ የሚያቆመው በዙሪያው የተወጠረው ገመድ ነው። ገመዱ ደግሞ ከኋላ ብቻ አይደለም። ከፊት የሆድ ጡንቻዎች፣ በጎን ከታችኛው ጎድን እስከ ዳሌ የሚወርደው ጡንቻ፣ ከላይ ድያፍራም፣ ከታች የዳሌ ወለል ጡንቻዎች አሉ። አንዱን ብቻ አጥብቀህ ሌላውን ብታላላው ምሰሶው ወደ ጠበቀው ያዘነብላል።

ጋሽ ታደለ፦ እና እኔ በመተኛቴ ገመዱን አላላሁት ነው የምትይኝ?

ሰናይት፦ አውስትራሊያ ውስጥ ጁሊ ሃይድስ የምትባል ፊዚዮቴራፒስት ከባልደረቦቿ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ወገባቸውን የታመሙ ሰዎችን በአልትራሳውንድ አየች። መልቲፊደስ ባመመው ጎን ብቻ፣ በዚያው ከፍታ ላይ ቀጥኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡት ጥናት ደግሞ ይብስ አስገራሚ ነው፤ ሕመሙ ከለቀቃቸው በኋላም ልዩ እንቅስቃሴ ያልሠሩት ሰዎች ጡንቻው ወደ ልኩ አልተመለሰም። ሰውየው "ድኛለሁ" ብሎ ሥራ ገብቷል፣ ጡንቻው ግን አልዳነም። ወገቡን ያመመው ሰው ደግሞ ደጋግሞ የሚያመው ለምን እንደሆነ ከሚያስረዱት ነገሮች አንዱ ይህ ይመስለኛል።

ጋሽ ታደለ፦ እናቴ ግን እንስራ በጀርባዋ ተሸክማ ዳገት ስትወጣ ኖራ ወገቤን ስትል ሰምቼ አላውቅም። የእንጦጦዎቹ እንጨት ተሸካሚዎችስ?

ሰናይት፦ ያልሰሙት ስላልጠየቋት እንዳይሆን። እነዚያ የእንጦጦ እናቶች ቢጠየቁ ስንቱን ይናገራሉ፤ ከአቅም በላይ ሸክም ከአቅም በላይ ነው። ግን አንድ ያወቁበት ነገር አለ። እንስራው ከአከርካሪው አይርቅም፤ ታች ዳሌው ላይ ያርፋል፤ ወደ ፊት የሚያዘነብሉትም ከወገብ ሳይሆን ከዳሌ ነው። እርስዎ ጎማውን ከሰውነትዎ አርቀው፣ እጅዎን ዘርግተው ነው ያነሱት። ሸክም ከወገብ በራቀ ቁጥር የጀርባ ጡንቻ የሚከፍለው ጉልበት ይበዛል፤ አከርካሪውን የሚጨቁነውም ያው የራሱ የጡንቻው ጉልበት ነው።

ናሆም፦ እሺ፣ ሥራውን አሳይን። እኔ ዴድሊፍት ላስጀምረው?

ሰናይት፦ ይደርሳል። መጀመሪያ አንተን ልፈትንህ። በጎንህ ተኛ፣ በክርንህና በእግርህ ጎን ብቻ ተነስ፣ ዳሌህን ከመሬት አንሳ። ያዝ። ጋሼ፣ ሰዓት ይቁጠሩልን።

ጋሽ ታደለ፦ ሃያ... ሃያ አምስት... ምነው ተንቀጠቀጥክ? ሠላሳ አንድ። ወደቀ! ይኼ ሁሉ ጡንቻ ለምንህ ነው ልጄ?

ናሆም፦ አባዬ፣ አንተ ተኝተህ ነው የምትስቅብኝ!

ሰናይት፦ ላቱ ጠንካራ ነው፣ አልካድኩም። ያጣው ጽናት ነው። ዴንማርክ ውስጥ ቢየሪንግ ሶረንሰን የሚባል ሐኪም ሰዎችን ጠረጴዛ ላይ በደረታቸው አስተኝቶ፣ እግራቸውን አስሮ፣ ከዳሌ በላይ ያለውን ሰውነታቸውን አየር ላይ ቀጥ አድርገው እንዲይዙ ጠየቀ፤ ጣሪያው 240 ሰከንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተመው ውጤት ረጅም መያዝ የቻሉ ወንዶች በቀጣዩ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ወገባቸውን የመታመም ዕድላቸው ያነሰ መሆኑን አሳየ። እንግዲህ የጀርባ ጡንቻ ቀኑን ሙሉ በትንሽ ጉልበት የሚሠራ ነው፤ እኛም በዚያው መንገድ ነው የምናሠለጥነው።

ጋሽ ታደለ፦ እኔን ደግሞ በጎኔ ተኛ እንዳትይኝ።

ሰናይት፦ በጉልበትዎ ተደግፈው በጎንዎ ይሆናል፤ ያ ይቀላል። ከማክጊል ሦስት እንቅስቃሴዎች ነው የማሠራዎት። አንደኛው በጀርባ ተኝተው፣ አንድ ጉልበት አጥፈው፣ መዳፍዎን ከወገብ ሥር አድርገው ራስዎንና ትከሻዎን ከመሬት ትንሽ ማላቀቅ። ድሮ ስፖርት መምህራችን ያሠሩን የነበረውን ያህል ተነስተው እንዳይቀመጡ፤ ያ ወገቡን እየቆለመመ ይጫነዋል። ሁለተኛው ናሆም የወደቀበት ነው። ሦስተኛውን አሁን እንሞክረው። ቀስ ብለው ይገልበጡና በእጅና በጉልበትዎ ይንበርከኩ። እንደሱ። ቀኝ እጅዎን ወደ ፊት፣ ግራ እግርዎን ወደ ኋላ ይዘርጉ። ዳሌዎ እንዳይዞር። ናሆም፣ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ወገቡ ላይ አስቀምጥ።

ጋሽ ታደለ፦ ኧረ ልብሴን ልታረጥቡት ነው!

ሰናይት፦ እንዳይረጥብዎ ነዋ ብርጭቆው! ይያዙት፤ ይተንፍሱ፣ ትንፋሽ አይዝጉ። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። ያውርዱ። ከ10 ሰከንድ በላይ አልፈልግም። 6 ጊዜ፣ ትንሽ አርፈው 4፣ ከዚያ 2። ሲደክምዎ ቁጥሩ ይቀንሳል እንጂ አያያዙ አይበላሽም። እንዴት ነው?

ጋሽ ታደለ፦ ያማል። ግን ያኛው ሕመም አይደለም።

ሰናይት፦ መለኪያችን እሱ ነው። ትንሽ ቢያምዎ፣ በማግስቱ ጠዋት ካልባሰ፣ ይቀጥሉ። ሕመሙ ወደ መቀመጫ፣ ወደ ባት፣ ወደ እግር ጣት እየወረደ ከሄደ ያቁሙና ይደውሉልኝ። ደግሞ እንደነቁ አይሥሩት። ሌሊት ዲስክ ውሃ ይመጥጣል፤ ሰው ጠዋት ከማታው ከአንድ ሳንቲሜትር በላይ ይረዝማል። የተወጠረ ዲስክ መታጠፍ አይወድም። የመጀመሪያዋን ሰዓት ቆመው፣ ተራምደው ያሳልፏት።

ናሆም፦ ከዚያስ? ይህን ብቻ ሠርቶ ጎማ አያነሳም መቼም።

ሰናይት፦ ልክ ነህ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያቆመው። ከዚያ ማጎንበስን እንደገና እንማራለን። ጋሼ፣ መቋሚያዎ የት ነው? ናሆም፣ ጀርባው ላይ በቁመት ያዝለት፤ ራሱን፣ በትከሻዎቹ መካከልና ታች ዳሌውን ይንካ። አሁን ጉልበትዎን ጥቂት አጥፈው ዳሌዎን ወደ ኋላ ይግፉ። በሩን በመቀመጫዎ ይዝጉት።

ጋሽ ታደለ፦ ዱላው ከራሴ ለቀቀ።

ሰናይት፦ ወገብዎ ስለጎበጠ ነው። ሦስቱንም እስኪነካ ይመለሱ። እዚያ ላይ። አሁን የሠራው መቀመጫዎና የጭንዎ ጀርባ ነው፤ ትልልቆቹ ጡንቻዎች እነሱ ናቸው። ወገቡ ቀጥ ብሎ መያዝ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ይህ ሲለመድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልተው ያነሳሉ፤ 5 ኪሎ ነው። ከዚያ ሁለት ጀሪካን፣ ከዚያ ባለ 20ው። በሱው ጀሪካን አንድ እጅዎን ወንበር ላይ ተደግፈው፣ በሌላው ወደ ጎድንዎ ይስቡታል፤ ሮምቦይዱና ላቱ በአንድ ላይ ይሠራሉ። ናሆም፣ አንተ የምትለው ዴድሊፍት እኮ ይኸው ነው፣ ብረቱ ነው የሚለየው። ዴድሊፍትን ጠላት የሚያደርጉት አሉ፤ እኔ አልስማማም። ጎማ የሚያነሳ ሰው ጎማ የማንሳት ልምምድ ሊከለከል አይገባም። ጥፋቱ የተጀመረበት ኪሎ ላይ ነው።

ናሆም፦ ለእኔስ ምን ትያለሽ?

ሰናይት፦ ትከሻህ ወደ ፊት ተጠቅልሏል። ቤንች ፕሬስ ታበዛለህ፣ ከዚያ "ጀርባም ሠራሁ" ብለህ ላት ፑልዳውን ትጨምራለህ። ላት ክንድን ወደ ውስጥም ያዞራል፤ ደረትም እንደዚያው። ሁለቱም ትከሻህን ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚስቡት። ወደ ራስህ አግድም የምትጎትተውን አብዛ፤ ገመዱን ወደ ፊትህ ስበህ ክርንህን ከፈት አድርግ። በገፋህ ቁጥር ቢያንስ ያንኑ ያህል ጎትት። በጎንህ ደግሞ ተኛ፤ ሠላሳ አንድ ሰከንድህን ማንም እንዳይሰማ።

ጋሽ ታደለ፦ እኔ ነግሬ ነው የምጨርሰው። መቀነቱስ? ልፍታው?

ሰናይት፦ ይፍቱት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ የወገብ ቀበቶና መደገፊያ እንዲደረግ አይመክርም። የእርስዎ ገና አልቆየም፤ እንዳይቆይ ነው እንጂ ሐሳባችን። እዚያው መመሪያ ላይ ምን እንደሚመከር ያውቃሉ? እንቅስቃሴ፣ ስለ ሕመሙ ማስተማር፣ አንዳንድ የእጅ ሕክምና። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰው ወገቡን ያመዋል ተብሎ ተገምቷል፤ ብቻዎን አይደሉም።

ጋሽ ታደለ፦ ያ ሁሉ ሰው አይነዳም መቼም። እኔን የሚያስጨንቀኝ መንገዱ ነው። መኪናው ቆሞ ስንት ቀን ይጠብቀኛል?

ሰናይት፦ ያለ ችግር ከመኪናው ሲወጡና ሲወርዱ፣ ፍሬን ሲረግጡ ሕመሙ ካልያዘዎት ይመለሳሉ። ግን በአዲስ ሥርዓት። የወንበሩ ጉድጓድ ላይ ጋቢ አጥፈው ይሙሉት፤ ወገብዎ ሥር ደግሞ ፎጣ ጠቅልለው ያድርጉ። ወንበሩን ወደ መሪው ያስጠጉት። በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ይቁሙ። ሲወርዱ ፊትዎን ወደ ጋቢናው አዙረው፣ መያዣውን ይዘው፣ መዝለል የለም። ከዚያ ምንም ነገር ሳያነሱ መኪናውን ከነተሳቢው ይዙሩት።

ጋሽ ታደለ፦ እሱማ ድሮም እናደርገዋለን! ጎማ በዱላ እየመታን እንዞራለን።

ሰናይት፦ ጥሩ፣ ሁለት ጊዜ ይዙሩት። እጅዎን ወገብዎ ላይ አድርገው ትንሽ ወደ ኋላ ይለጠጡ፣ ሁለት ሦስቴ። ጎማ የሚያነሱት ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱንም እየተንከባለለ ይምጣና ከጉልበትዎ ጋር አስጠግተው፣ ከረዳትዎ ጋር ለሁለት።

ጋሽ ታደለ፦ እዚያ ሚሌ ላይ፣ ሹፌሩ ሁሉ ሻይ እየጠጣ፣ እኔ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ስለጠጥ? ረዳቱ ስሜን ያወጣልኛል።

ሰናይት፦ ያውጣልዎት። እሱ እስኪስቅ እርስዎ ይለጠጡ፤ ሸራውን እሱ ይሰር። በሉ አሁን ይነሱ፣ እስከ በሩ እንሂድ። ናሆም፣ ፍራሹን አንሳው።